ስለ ፊርማና ስለ ምስክሩ

ሰው ከገንዘቡ ቢሰጥ ገንዘቡ ይጐድላል፤ ከእህሉ ቢሰጥ ጐተራው ይቀንሳል። ስሙን በገዛ እጁ ጽፎ ቢሰጥ ግን ከእርሱ የሚጐድል ነገር የለም፤ የተቀበለው ሰው ግን ደስ ብሎት ይሄዳል። ይህ ሲታይ እጅግ ቀላል ስጦታ ይመስላል። ዳሩ ግን ይህ ቀላል ስጦታ በጊዜ ብዛት እንዴት ሸቀጥ እንደሆነ፥ ሸቀጥ ከሆነም በኋላ እንዴት ሐሰት እንደገባበት፥ ሐሰት ከገባበትም በኋላ እንዴት ፖሊስ ቆሞ እንዲመሰክርለት እንዳስፈለገ የሚያስረዳ ታሪክ በአሜሪካ አገር አለ። ይህም የቤዝቦል ተጫዋቾች የእጅ ፊርማ ታሪክ ነው።

ቤዝቦል በአገራችን ብዙ የታወቀ ጨዋታ ስላልሆነ አስቀድሞ በጥቂት ቃል ማስረዳት ያስፈልጋል። ሁለት ቡድኖች ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው አሰልፈው በየተራ ይጫወታሉ። የአንደኛው ቡድን ወርዋሪ አንዲት ጠንካራ ነጭ የቆዳ ኳስ በኃይል ይወረውራል፤ የሌላው ቡድን መቺ ደግሞ በእንጨት ዱላ ሊመታት ይሞክራል። መቺው ኳሷን ከሜዳው አጥር በላይ አሳልፎ የመታት እንደሆነ ይህ ሆም ራን ይባላል፤ ሕዝቡም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ይጮኻል። ለተጫዋቾቹ ሁሉ በግልጽ ደመወዝ የሚከፍል የመጀመሪያው ቡድን በ1869 በሲንሲናቲ ከተማ ተቋቋመ፤ እስከ ዛሬ ያለው ናሽናል ሊግ የሚባለው የቡድኖች ማኅበር ደግሞ በ1876 ተመሠረተ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በቀድሞው ዘመን ተጫዋችንና ተመልካችን የሚለያያቸው ነገር ጥቂት ነበረ። ቡድኖቹ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄዱት በባቡር ነው፤ ስለዚህ ልጆች ባቡሩ የሚገባበትን ሰዓት ዐውቀው በጣቢያው ይጠብቋቸዋል። የሚያርፉበት ሆቴል የታወቀ ስለሆነ በበሩ ቆመው ይጠባበቃሉ። ጨዋታው ሲያልቅም ተጫዋቾቹ ልብሳቸውን ለውጠው ሲወጡ በበሩ ያገኟቸዋል፤ ከተጫዋቾቹም ብዙዎቹ በእግራቸው ወይም እንደ ማንኛውም ሰው በከተማው ባቡር ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበረ። ልጁ የሚያስፈልገው ወረቀት፥ እርሳስና ትዕግሥት ብቻ ነው። የእስክሪብቶ ነገር እንኳ በኋላ የመጣ ነው፤ በ1945 እስክሪብቶ በኒው ዮርክ ለሽያጭ ሲቀርብ የአንዱ ዋጋ 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ስለነበረ የልጅ ዕቃ አልነበረም።

ልጁ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ «ይህን የጻፈው እርሱ ራሱ መሆኑን በምን ታውቃለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ቢኖር መልሱ አጭር ነበረ። «ሲጽፍ አይቼዋለሁ» ይላል። ከዚህ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም፤ የፊርማው ዋጋም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ወረቀቱ የሚናገረው አንድ ቀን አንድ ታላቅ ሰው በአንድ ትንሽ ልጅ ፊት ቆሞ፥ ዓይኑን አይቶ፥ ስሙን ጠይቆ፥ እጁን ያንቀሳቀሰለት መሆኑን ነው።

ከእነዚያ ታላላቅ ተጫዋቾች የሁሉ አለቃ ሆኖ የሚቈጠረው ቤብ ሩት ነው። ሩት በ1895 በባልቲሞር ከተማ ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ የካቶሊክ መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት የልጆች ማሳደጊያ አስገቡት። ቤዝቦልንም የተማረው በዚያ ነው። በ1920 ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ ቡድን ተዛወረ፤ በ1927ም በአንድ ዓመት 60 ሆም ራን መታ። ይህ ሰው በኑሮው ሁሉ ምሳሌ የሚሆን ነው ለማለት አይቻልም፤ መብልና መጠጥ፥ ጭፈራና ገንዘብ መበተን የሚወድ ሰው ነበረ። ነገር ግን ለልጆች ፊርማ መስጠትን አይሰለችም፤ ወደ ሆስፒታልና ወደ ሙት ልጆች ማሳደጊያም እየሄደ ይጐበኛቸው ነበረ። ምናልባት የራሱን ልጅነት ያስታውስ ይሆናል።

በ1926 ጆኒ ሲልቬስተር የሚባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በኒው ጀርሲ በጽኑ ታሞ ተኝቶ ነበረ። የልጁ ወገኖች ባደረጉት ልመና ተጫዋቾች የፈረሙባቸው ኳሶች ተላኩለት፤ ሩትም በሚመጣው ጨዋታ ሆም ራን እንደሚመታለት በኳሱ ላይ ጽፎ ቃል ገባለት። ወቅቱ የዓመቱ ታላቅ የፍጻሜ ግጥሚያ የሚደረግበት ነበረ። በዚያም ቀን ሩት አንድ ሳይሆን ሦስት ሆም ራን መታ። የሩት ቡድን በፍጻሜው ተሸነፈ፤ ልጁ ግን ተሻለው። ጋዜጦችም የሐኪሞቹን ድካም ረስተው ልጁን ያዳነው ሩት ነው ብለው ጻፉ። ግጥሚያው ካለቀ በኋላ ሩት ራሱ ወደ ልጁ ቤት ሄዶ ጠየቀው። ጆኒ ሲልቬስተርም አድጎ ሸምግሎ እስከ 1990 ኖረ። ኳስ በሽታን እንደማያድን እናውቃለን። ቢሆንም በኳሱ ላይ የተጻፈው ስም ከጀርባው አንድ ቃል፥ ከቃሉም ኋላ አንድ ሰው እንደነበረው ልብ በሉ።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ሁሉ ንጹሕ አድርጎ ማውራት እውነት አይሆንም። በዚያም ጊዜ ቢሆን ተጫዋቾች ሲሰለቻቸው የልብስ ቤቱ ሠራተኛ በእነርሱ ስም በኳስ ላይ እንዲፈርም የሚያደርጉ ነበሩ። ከዚህም የሚብስ ሌላ ነገር ነበረ። ጥቁር ተጫዋቾች በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ከታላላቆቹ ቡድኖች ተከልክለው ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይተዋል። ይህ አጥር የፈረሰው ጃኪ ሮቢንሰን ሚያዝያ 15 ቀን 1947 በብሩክሊን ሜዳ ለዶጀርስ ቡድን በተሰለፈ ጊዜ ነው። ሮቢንሰን ከተቃራኒ ቡድኖችና ከተመልካች ብዙ ስድብ ተቀበለ። ሆኖም በአጥሩ ዳር የቆሙት ልጆች፥ ጥቁሮችም ነጮችም፥ ወረቀታቸውን ዘረጉለት፤ እርሱም ፈረመላቸው። ትልልቆቹ ገና ያልተቀበሉትን ነገር ልጆቹ ወረቀት በመዘርጋት ተቀበሉት።

በዚያ ዘመን ተጫዋቹ ከሕዝቡ ያልራቀበት አንዱ ምክንያት ኑሮው ከሕዝቡ ኑሮ ብዙ ያልራቀ ስለነበረ ነው። በ1947 የአንድ ተጫዋች ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 5,000 ዶላር ነበረ። የጨዋታው ወራት ሲያልፍ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ፈልገው ይሠራሉ። የያንኪስ ዝነኞች የነበሩት ዮጊ ቤራና ፊል ሪዙቶ እንኳ በክረምት በኒውአርክ ከተማ በአንድ የወንዶች ልብስ መደብር ተቀጥረው ይሸጡ ነበረ። በብሩክሊንም እንደ ዱክ ስናይደር ያሉት ዝነኞች እዚያው በሰፈሩ ውስጥ ቤት ይዘው ይኖሩ ነበረ። ስለዚህ ፊርማ የሚጠይቀው ልጅና ፊርማ የሚሰጠው ሰው ጐረቤታሞች ነበሩ ማለት ይቻላል። ጐረቤት ደግሞ ለጐረቤቱ ስሙን አይሸጥም።

ከዚያ በኋላ ዘመን ተለወጠ። የብሩክሊን ዶጀርስና የኒው ዮርክ ጃያንትስ በ1957 የጨዋታ ዘመናቸውን ፈጽመው ወደ ካሊፎርኒያ ተዛወሩ። ከኒው ዮርክ እስከ ካሊፎርኒያ ያለው መንገድ ለባቡር ረዥም ስለሆነ የቡድኖች ጉዞ በአውሮፕላን ሆነ፤ ልጆቹም ይጠብቁበት የነበረው የባቡር ጣቢያ ባዶ ቀረ። በከተማ መካከል የነበሩት ሜዳዎች አንዳንዶቹ ፈረሱ፤ ኤቤትስ ፊልድ የሚባለው የብሩክሊን ሜዳ በ1960 ፈረሰ። አዳዲሶቹ ስታዲዮሞች የተሠሩት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ባለበት ስፍራ ነው። ተጫዋቹ በመኪናው ይመጣል፤ ዘበኛ ወደሚጠብቀው ግቢ ይገባል፤ በመኪናውም ይወጣል። በዚህ ማንም ክፉ ነገር አልሠራም፤ ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙበት መንገድ እየጠበበ ሄደ።

ቀጥሎ የደመወዝ ነገር ተለወጠ። በ1966 ማርቪን ሚለር የተጫዋቾች ማኅበር መሪ ሆነ። በ1968 በተደረገው ስምምነት ዝቅተኛው ደመወዝ ወደ 10,000 ዶላር ከፍ አለ። በ1975 መጨረሻም አንድ ገላጋይ ዳኛ ባለ ቡድኑ ተጫዋቹን እንደ ንብረቱ ለዘለዓለም ሊይዘው አይችልም የሚያሰኝ ፍርድ ሰጠ። ከዚህ የተነሣ ደመወዝ እንደ ጐርፍ ውኃ ሞላ፤ በ1992 የተጫዋቾች አማካይ የዓመት ደመወዝ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ሠራተኛ የድካሙን ዋጋ ማግኘቱን ፍርድ የሚያውቅ ሰው አይነቅፈውም፤ የቀድሞዎቹ ባለ ቡድኖች በተጫዋቾች ላብ ከብረዋልና። ሆኖም በሚሊዮን የሚከፈለው ሰውና የመግቢያ ቲኬት በቁጠባ የሚገዛው ልጅ ከእንግዲህ ወዲህ ጐረቤታሞች አልነበሩም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ንግድ ነው። በልጅነታቸው ፊርማ የሰበሰቡት ሰዎች አደጉ፤ ገንዘብም ያዙ፤ የልጅነታቸውን ዘመን በገንዘብ ሊገዙት ፈለጉ። በ1980 በሎስ አንጀለስ የመጀመሪያው የሰብሳቢዎች ብሔራዊ ጉባኤ ተደረገ። በየከተማውም የፊርማ ገበያ የሚባል ነገር ተስፋፋ። ሥርዓቱም እንዲህ ነው፤ የቀድሞ ዝነኛ ተጫዋች በአዳራሽ ውስጥ ከጠረጴዛ ኋላ ይቀመጣል፤ ሰዎች ለአንድ ፊርማ አንድ ቲኬት ገዝተው በሰልፍ ያልፋሉ። ሚኪ ማንትል በተጫዋችነቱ ዘመን ያገኘው ከፍተኛ ደመወዝ በዓመት 100,000 ዶላር ነበረ፤ በሽምግልናው ግን ስሙን በመፈረም ከዚያ የሚበልጥ ገንዘብ ያገኝ ነበረ።

ይህ ንግድ ወደ ሜዳው አጥርም ደረሰ። አንድ ኳስ ይዞ የሚለምን ሕፃን በቆመበት ቦታ ላይ ብዙ ኳሶች በከረጢት የያዘ ጐልማሳ መጣ። አንዳንዱም ለራሱ ቢጠይቅ ተጫዋቹ እንደሚጠረጥረው ስለሚያውቅ ሕፃናትን እየላከ ያስጠይቃል። ተጫዋቾቹም ይህን ሲያውቁ አንድ መከላከያ አገኙ፤ «ስምህ ማን ነው?» ብለው የጠያቂውን ስም ከፊርማቸው በላይ ይጽፋሉ፤ የሌላ ሰው ስም ያለበት ኳስ በገበያ ዋጋው ይቀንሳልና። አስተውሉ! በቀድሞው ዘመን የልጁ ስም ከጀግናው ስም ጋር በአንድ ኳስ ላይ መጻፉ የደስታው ፍጻሜ ነበረ። በንግድ ዘመን ግን የልጁ ስም ጉድፍ ሆነ። ስጦታና ሸቀጥ የሚለዩበትን ድንበር ከዚህ ይልቅ የሚያሳይ ነገር አይገኝም። ስጦታ የተቀባዩን ስም ይወዳል፤ ሸቀጥ ግን ተቀባዩ ማንም ቢሆን ግድ የለውም።

ገንዘብ በብዛት በገባበት ቦታ ፈተና አይጠፋም። በቤዝቦል ታሪክ ኳስን በተሳካ ሁኔታ በመምታት ከሁሉ የሚበልጠው ፒት ሮዝ፥ ከፊርማ፥ ከመታሰቢያ ዕቃ ሽያጭና ከፈረስ ውርርድ ያገኘውን ገቢ ለግብር መሥሪያ ቤት በትክክል ባለማስታወቁ ጥፋቱን አምኖ፥ በ1990 የአምስት ወር እስራት ተፈረደበት። በ1995ም ዱክ ስናይደርና ዊሊ ማኮቪ የተባሉት ዝነኞች በፊርማ ገበያ ያገኙትን ገንዘብ ከግብር በመሰወራቸው ጥፋታቸውን አመኑ፤ ከዚያም በኋላ የገንዘብ ቅጣትና የሁለት ዓመት የገደብ ፍርድ ተቀበሉ። ማኮቪ በ2017 ከፕሬዚዳንት ኦባማ ምሕረት አግኝቷል። ይህን የምናነሣው ሰዎቹን ለማዋረድ አይደለም። ስናይደር በብሩክሊን ሰፈር ጐረቤት ሆኖ የኖረው ያው ሰው ነው። ሰውዬው ያው፥ እጁም ያው፥ ስሙም ያው ሳለ፥ በነጻ ሲሰጠው ያልጐዳው ነገር በገንዘብ ሲሰጠው ለፍርድ ቤት አደረሰው።

ከዚያ በኋላ ፈጽሞ ሐሰተኞች የሆኑ ሰዎች ተነሡ። ስም ዋጋ ካለው፥ ስምን አስመስሎ የሚጽፍ እጅም ዋጋ አለው። ቶኒ ግዊን የተባለው የሳን ዲዬጎ ታላቅ ተጫዋች በገዛ ቡድኑ ሱቅ ውስጥ ስሙ ያለባቸውን ዕቃዎች ተመልክቶ እነዚህ የእኔ ፊርማዎች አይደሉም አለ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኦፔሬሽን ቡልፔን የተባለ ምርመራ አድርጎ በካሊፎርኒያና በሌሎች ግዛቶች ፊርማ እየፈጠሩ የሚሸጡ ሰዎችን ያዘ። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል የካልካታዋ እማሆይ ትሬዛ የፈረሙበት ነው የተባለ የቤዝቦል ኳስ ተገኘ። ይህን የሰማ ሁሉ ሳቀ፤ ነገር ግን ነገሩ ከሳቅ ይልቅ ለሐዘን የሚገባ ነው። ድኾችን ሲያገለግሉ የኖሩት ሴት ስም በኳስ ላይ ተጽፎ እንዲሸጥ የተደረገው የሚገዛው ሰው ስላለ ነው። ሐሰተኛ ሻጭ ብቻውን ገበያ አያቆምም፤ ሳይመረምር የሚመኝ ገዢ ያስፈልገዋል።

በዚህ ምክንያት የቤዝቦል ሊግ በ2001 አዲስ ሥርዓት አቆመ። ለዚህ ሥራ የተመደቡ ምስክሮች፥ ይልቁንም በፖሊስነት የሚያገለግሉ ወይም ያገለገሉ ሰዎች፥ በየጨዋታው ይገኛሉ። ተጫዋቹ ሲፈርም በዓይናቸው ካዩ በኋላ በዕቃው ላይ ቁጥር ያለበት አንጸባራቂ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ ቁጥሩም በመዝገብ ይገባል። እንግዲህ የዚህን ታሪክ ዙር ተመልከቱ። ቀድሞ አንድ ልጅ «ሲጽፍ አይቼዋለሁ» ሲል ይበቃ ነበረ። ዛሬ ያንኑ ቃል ለመናገር ፖሊስ፥ መዝገብና ቁጥር አስፈለገ። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ሐሰትን ይከላከላል። ነገር ግን አንድ ነገር ሊሰጥ አይችልም። ቁጥሩ ፊርማው እውነተኛ መሆኑን ይመሰክራል፤ ያ ሰው አንተን ማየቱን ግን አይመሰክርም።

በቅርብ ዓመታትም መለያያው ጨመረ። በኃይል የተመታ ኳስ ተመልካቾችን ስለጐዳ፥ በ2018 የጨዋታ ዘመን መጀመሪያ ሠላሳዎቹም ቡድኖች መከላከያ መረባቸውን አስረዘሙ፤ ይህም ሕይወትን ለመጠበቅ የተደረገ ስለሆነ ትክክል ነው። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት እያንዳንዱ ቡድን 60 ጨዋታ ብቻ ሲመደብለት መደበኛው የጨዋታ ዘመን ያለ ተመልካች አለፈ፤ ፊርማ መስጠትም ተከለከለ። በዚህ ላይ ስልክ ሁሉ ካሜራ ስላለው፥ ብዙዎች ከፊርማ ይልቅ ከተጫዋቹ ጋር ፎቶግራፍ መነሣትን ይመርጣሉ። ሆኖም ነገሩ ፈጽሞ አልጠፋም። በክረምቱ መጨረሻ ቡድኖቹ በፍሎሪዳና በአሪዞና ሲለማመዱ፥ ከጨዋታም በፊት በአጥሩ ዳር፥ ልጆች ዛሬም ኳስና ማርከር ይዘው ይቆማሉ፤ ቆመው የሚፈርሙላቸውም ተጫዋቾች አሉ።

ከእነዚህ ተጫዋቾች ስለ አንዱ ልንገራችሁ። ሃርሞን ኪልብሩ በኑሮው 573 ሆም ራን የመታ፥ በ2011 ያረፈ፥ በጨዋነቱ የተከበረ የሚኔሶታ ተጫዋች ነበረ። ፊርማው በቀላሉ የሚነበብ ነበረ። አንድ ቀን ቶሪ ሃንተር የተባለ ወጣት ተጫዋች ስሙን እንደ ጭረት አድርጎ በጥድፊያ ሲፈርም አየው። ሃንተር ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው፥ ኪልብሩ ገሠጸው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ልጅ ይህን ኳስ ቢያገኝ የማን እንደሆነ አንብቦ ማወቅ እንዲችል ስሙን አጥርቶ እንዲጽፍ መከረው። ሃንተርም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አጥርቶ መጻፍ ያዘ። ሽማግሌው ያስተማረው የእጅ ጽሕፈት ብቻ አይደለም። የምትፈርምለት ሰው ሰው መሆኑን አትርሳ ማለቱ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ ብዙዎቹ ቤዝቦል ተጫዋች አይሆኑም፤ ፊርማ ያላችሁ ግን ሁላችሁም ናችሁ። በደብዳቤ፥ በውል፥ በደመወዝ መዝገብ፥ በምስክርነት ወረቀት ላይ ስማችሁን ትጽፋላችሁ። ባላያችሁት ነገር ላይ አትፈርሙ፤ ሌላው በስማችሁ እንዲፈርም አትፍቀዱ። ስትፈርሙም የሚቀበላችሁን ሰው ፊት ተመልከቱ። ከታላቅ ሰው ፊርማ ስትጠይቁም ልትሸጡት ሳይሆን ልታስታውሱት ይሁን፤ ስማችሁን ቢጽፍላችሁ ዋጋው ቀነሰ ብላችሁ አትዘኑ። በሥራችሁ ዋጋ ጠይቁ፤ ይህ መብታችሁ ነው። ነገር ግን በቀን ውስጥ ጥቂት ጊዜ ለማትሸጡት ነገር አስቀሩ።

አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። ኪልብሩ ይህን ተረት ሳይሰማ ትርጕሙን ዐውቆታል። ከመቃብር በላይ የሚውለው ስም ግን ብዙ ጊዜ የተጻፈው ሳይሆን፥ ሲጻፍ ያየው ሰው ለልጁ በደስታ የሚያወራለት ነው።